ጉባኤ ላይ የማይናገረው የንግግር መምህር

ባሌ ሮስኮ የንግግር ጥበብ ፕሮፌሰር ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «አቤት፣ ቤታችሁማ ጨዋታ በጨዋታ ነው!» ይለኛል። ምን ጨዋታ አለ! ሰውዬው ገበታ ላይ ጨው ቢፈልግ እንኳ ጨዉን በዓይኑ እያየ ቁጭ ነው። «አንተ፣ አፍ የለህም እንዴ?» ስለው «ቀኑን ሙሉ ሳወራ ነው የዋልኩት» ይለኛል። ስለዚህ ወንበሩን ሊነጥቁን የደረሱበትን የዚያን ዓመት ነገር እኔ ቨርና ካላወራሁት፣ እሱማ አያወራውም።

ወንበር ስል የዩኒቨርሲቲውን ሹመት ማለቴ ነው። «የክሮዌል ወንበር» ይሉታል። የያዘው ሰው ተማሪዎችን የንግግር ጥበብ ያስተምራል፤ ደመወዙም፣ የምንኖርበት ባለ አረንጓዴ መስኮት ቤትም፣ ዜናስ ክሮዌል የሚባል ሰው ለዚሁ ብሎ ትቶት ከሞተው ሀብት ነው የሚወጣው። ዜናስ ከሞተ ስንት ትውልድ አልፏል፤ ከተማችን ፔልተን ውስጥ ግን ትናንት የቀበሩት ጎረቤት ይመስል ነው የሚወራው።

ዜናስ ወንዙ ዳር የሱፍ ፋብሪካ ነበረው። ሀብታም ነበር፣ ብልህ ነበር፣ ግን ተብታባ ነበር። ፔልተን ደግሞ ያኔም ዛሬም የምትተዳደረው በጉባኤ ነው። በመጋቢት የመጀመሪያው ማክሰኞ ሰው ሁሉ ጭቃውን እየረገጠ አዳራሹ ይገባል፣ ስለ መንገዱም ስለ ትምህርት ቤቱም ስለ ባለቤት አልባ ውሻውም ይጨቃጨቃል፣ በመጨረሻ በድምፅ ይወስናል። አንድ ዓመት ድልድዩ የት ይሠራ የሚል ነገር መጣ። ዜናስ የሚኖረው ወንዙ ዳር ነውና በረዶው ሲሰበር የት እንደሚከመር ያውቃል። ተነሣ። «በ-በ-በረ...» ሲል አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ወዲያው አንድ ምላሱ ቅቤ የሆነ ጠበቃ ተነሥቶ ድልድዩ በአጎቱ ልጅ መሬት በኩል እንዲሆን አሳመናቸው። ተሠራ። በሁለተኛው ዓመት በረዶው ተሰብሮ ሲወርድ ድልድዩን ጠራርጎ ወሰደው፤ የዜናስ እህት መርሲ ከነጋሪዋ ላዩ ላይ ነበረች።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ ጉባኤ ገብቶ አያውቅም ይባላል። ሲሞት ግን ያለውን ሁሉ ለዚህ ወንበር ሰጠ። የሚያውቅ ሰው ምላሱ ስለተያዘ ብቻ እንዳይሸነፍ ነው ነገሩ። በየካቲት ወር የመምህሩ ወጥ ቤት በር ለከተማው ሰው ክፍት ነው፤ ጉባኤ ላይ የሚናገረው ያለው ሁሉ መጥቶ ያንኳኳል። መምህሩ ሐሳቡን ቢወደውም ቢጠላውም ማንንም ሳይመልስ፣ አሳምሮ እስኪናገር ድረስ ያሠለጥነዋል። ማን እንደመጣና ምን እንደተባለ ከወጥ ቤቱ አይወጣም። መምህሩ ራሱ ደግሞ ጉባኤ ላይ ትንፍሽ አይልም፤ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ማዳመጥ ብቻ ነው። ዜናስ ቅቤ ምላስ የሠራውን አይቷላ! ሌላ ጠበቃ ከተማው ላይ መሾም አልፈለገም። ይህን ሥርዓት ዩኒቨርሲቲው ብቻውን ሊያፈርሰው አይችልም፤ ጉባኤው «ይሁን» ማለት አለበት።

ወንበሩን ስንቱ ይዞታል። የመጀመሪያው ቄስ ነበሩ፤ የመጣውን ገበሬ ሁሉ እንደ ስብከት አናገሩትና የዚያን ዓመት ጉባኤ እስኪመሽ አላለቀም አሉ። ከእሳቸው በኋላ የመጣ አንዱ ደግሞ ጆሮው የደነቆረ ነበር፤ የሚያስተምረው ከንፈር እያየ ነው፣ ግን ከሁሉም እሱ ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። ፊኒያስ የሚባለው ጉድ አሠራ። አንድ ተማሪው ስለ አጥር ሲናገር ጥሩውን አረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ረስቶት ቆሞ ሲንተባተብ፣ ፊኒያስ ከኋላ አላስችል አለውና ብድግ ብሎ ጨረሰለት። ከተማው ደግሞ ዝም ብሎ አላለፈውም። በሚቀጥለው የካቲት ሰዎቹ ወጥ ቤት ምድጃ ዳር እየተቀመጡ፣ እሱ ውጭ በረንዳ ላይ በረዶ እየዘነበበት በመስኮት እንዲያስተምር ፈረዱበት። አስተማረም።

እኔ ቤቱን ስረከብ ከእኔ በፊት የነበሩት የመምህሩ ሚስት ወይዘሮ ኢዳ ቁልፉን እጄ ላይ አድርገው እጄን አልለቅም አሉኝ። «ልጄ፣ እዚህ ወጥ ቤት የሰማሽውን ይዘሽው ነው የምትቀበሪው፤ ገባሽ?» አሉኝ። ገባኝ። እኔ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ፤ አልዋሽም። ግን ጠዋት ሚስት መጥታ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ይታደስ ብላ ተለማምዳ ስትሄድ፣ ከሰዓት ባሏ መጥቶ አይታደስ ብሎ ሲለማመድ፣ ለሁለቱም ሻይ አፍልቼ ዝም ብያለሁ። ክላይድ በርቢ የሚባለው ላም አርቢ ስለ መንገድ መጥረጊያው የሚናገራትን ሁለት አረፍተ ነገር በየዓመቱ እኛ ጋ ሲያላምጥ ሰንብቶ፣ ሱቅ ሄዶ «እኔ ንግግር በተፈጥሮዬ ነው» ሲል እየሰማሁ ዱቄቴን ገዝቼ ወጥቻለሁ። ይህን ዛሬ የምነግራችሁ ራሱ አደባባይ ስላወጣው ነው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲያችን አዲስ ፕሬዚዳንት መጣለት። ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ገና የገባ ሰሞን ነው። ሰውዬው ሌላ አይታየው፤ ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተር! ገንዘብ ሲፈልግ የክሮዌልን ሀብት አገኘ። የንግግር ወንበር ይቅር፣ ቤቱም ቢሮ ይሁን፣ ሀብቱ ወደ ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ይዙር የሚል ጉዳይ ለጉባኤው አቀረበ። ሮስኮን በጡረታ ሊሸኙት ነው። እኛም ኦሃዮ እህቱ ጋ ሄደን ድመቶቿን ስናበላ ልናረጅ ነው ማለት ነው። እኔ የፔልተን ልጅ ነኝ፤ እናቴም አባቴም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው ያረፉት። ከዚያ ቤት ውጪ በሚለኝ ሰው ላይ ምን ያህል አንጀቴ እንደተቃጠለ መገመት ነው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት ሮስኮን።

«ምን አደርጋለሁ? የኋላ አግዳሚ ላይ እቀመጣለኋ።»

«ሲያባርሩህም ቁጭ ብለህ ታያለህ?»

«ሥርዓቱ ነዋ፣ ቨርናዬ» አለኝና መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። መነጽሩን ሲጠርግ ሐሳብ ገብቶታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የዳቦ ሊጥ እያሸሁ የወጥ ቤቱ በር ተንኳኳ። ብከፍት ግሬቸን ሃል ናት። ግሬቸን የዩኒቨርሲቲው አዲስ ዲን ናት፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ከብረታ ብረት ሱቁ በላይ ተከራይታ የምትኖር። ጉዳዩን ጉባኤ ላይ እንድታቀርብ ፕሬዚዳንቱ የመረጠው እሷን መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በረዶው ላይ በስስ የከተማ ጫማ ቆማ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ወይዘሮ ዊትካም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... በዚህ በር ነው አይደል የሚገባው?»

«ምን ፈልገሽ?»

«ጉባኤው ላይ የምናገረው አለኝ።»

«ምን እንደምትናገሪማ አውቀዋለሁ!» አልኳት። በሩን ልዘጋባት ትንሽ ነው የቀረኝ።

«ቨርና» አለ ሮስኮ ከኋላዬ፣ «ልጅቷ በረዶ ላይ ቆማለች።»

ገባች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጣቶቿን እያፍተለተለች ተናገረች። «ፕሮፌሰር፣ እኔ ሰው ፊት ስቆም ጉሮሮዬ ይዘጋል። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነኝ። ፕሬዚዳንቱን እምቢ ብላቸው አልሰሙኝም። ማን ይረዳኛል ብዬ ስጠይቅ፣ ሰው ሁሉ የሚጠቁመኝ ወደዚህ በር ነው። የምናገረው እርስዎ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። አይሆንም ቢሉኝ አልቀየምም።»

«እዚህ ቤት አይሆንም ማለት የለም» አላት። «ቦት ጫማ የለሽም እንዴ? እግርሽ ርሶ እንዴት ትናገሪያለሽ? ቨርና፣ ያንቺን ትርፉን ስጫት እስቲ።»

«የእኔን?»

«የእኔማ ይሰፋታል።»

ሰጠኋት። ምን በወጣኝ ጫማዬን እሰጣታለሁ እያልኩ በልቤ፣ ካልሲ ጨምሬ ሰጠኋት። ወረቀቷን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። «የተቋሙን የሀብት አጠቃቀም ከማዘመን አኳያ፣ እንዲሁም የመማር ማስተማሩን ሂደት ከማጠናከር አንጻር...» ድምፅዋ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሞቶ ቀረ።

«እሱን ለማን ነው የምትነግሪው?» አላት ሮስኮ።

«ለጉባኤው።»

«ጉባኤ የሚባል ሰው የለም። ላም ሲያልብ አድሮ የመጣ ሰው ነው ፊትሽ የሚቀመጠው። ‹ከማዘመን አኳያ› ስትዪው ሰንጢውን አውጥቶ ጥፍሩን ማጽዳት ይጀምራል። ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንቺ ራስሽ የምታምኚው የቱን ነው?»

ወረቀቱን ገለበጠችና ስለ ወንድሟ አወራች። የአባታቸው ከተማ ወረቀት ፋብሪካ ሲዘጋ ወንድሟ ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ አዲሱን ማሽን የሚያስተምረው ጠፍቶ፣ እጁን አጣጥፎ ቤት ቀረ፣ መጠጥ ጀመረ። ስታወራው ጉሮሮዋ አልተዘጋም። ሊጡን ማሸት ትቼ እየሰማኋት መሆኔን ያወቅኩት ሮስኮ ሲያየኝ ነው።

«እሱን ነው የምትናገሪው» አላት። «ሌላውን ምድጃው ውስጥ ጨምሪው።»

ስትወጣ እሳት ሆኜ ጠበቅሁት። «አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ልጅቷ አፏን መክፈት አትችልም ነበር! ዝም ብትላት ኖሮ ‹ከማዘመን አኳያ› ስትል ጉባኤው እያፏጨ ያስወጣት ነበር። በገዛ እጅህ ቤታችንን እያፈረስክ ነው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ግማሹን ደብቄ ላስተምራት?»

«አዎ! ግማሹን ደብቅ! ሩቡን ደብቅ!»

«አልችልም» አለኝ። «መምጣቱስ ለእሷ ቀላል መሰለሽ? ቨርናዬ፣ ምን ዓይነት ችሎታ እንዳላት እኮ አላየሽም። እንዲህ ያለ ሰው በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚመጣው።»

ደስ ብሎት ነበር! የሚያባርረውን ሰው እያስተማረ ደስ ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

ወሩን ሙሉ ተመላለሰች። ሌሎችም መጡ፣ እንደ ሁልጊዜው፤ እሷ ግን እየበረታች ሄደች። ሮስኮ «እዚህ ጋ ክላይድ ‹ለምን በሌላ ገንዘብ አታደርጉትም› ይልሻል፤ መልስ የለሽም» ይላታል። አስባ መልስ ታመጣለች። «ይህቺ ደካማ ናት፣ አውጫት» ይላታል። ታወጣታለች። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ፣ ቤቴ ከእጄ ሲሄድ በጆሮዬ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ መላ መጣልኝ። እኔስ የፔልተን ሰው አይደለሁ? መብት የለኝም? ካፖርቴን ለበስኩ፣ በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ፣ በረዶውን እየረገጥኩ ቤቱን ዞርኩና የገዛ ወጥ ቤቴን በር አንኳኳሁ።

ሮስኮ ከፈተ። ከፊቱ ላይ አንዲት ፈገግታ የለችም። «ይግቡ እመቤቴ። ምን ነበር ጉዳይዎ?»

«ባሌን ሥራ ሊያስፈቱብኝ ነው።»

«አዝናለሁ። ጥሩ ሰው ነው?»

«ነበር። ሰሞኑን ነካ አድርጎታል።»

«እንዴት ነው ነካ ያደረገው?»

«ጠላቱን ሻይ እያጠጣ ያሠለጥናል።»

«እሱን ጉባኤው ላይ ባያነሡት ይሻላል» አለና ወንበር ሳበልኝ።

ጉባኤ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ወሬ ሌላ፣ ጉባኤ ሌላ! ግን ሮስኮ አስተማረኝ፤ እንደ ሚስቱ ሳይሆን እንደ ሌላው ሰው አስተማረኝ። ቀስ ብሎ፣ ሳይሰለች። ስለ ዜናስ ልናገር፣ ስለ መርሲ ልናገር፣ ስለ ፊኒያስ ተናግሬ ላስቃቸው። ጥሩ ሄደ። ከዚያ እኔ ነገር አበላሸሁ።

«እሷ ስለ ወንድሟ ስታነሣ ደግሞ እኔ...»

«የቷ እሷ?»

«ግሬቸን ነቻ!»

«እመቤቴ፣ ስለ ማን እንደሚያወሩ አላውቅም። እዚህ ቤት ከእርስዎ በቀር ሰው መጥቶ አያውቅም።»

የሊጡን መዳመጫ አንሥቼ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገና እጄን ያዘኝ፤ አሁን ባሌ ነው። «እዚህ የሰማሽውን ይዘሽ ብታሸንፊ፣ ቨርናዬ፣ የትኛው ወንበር ነው የሚተርፈን?» አለኝ። አለቀስኩ። እሱም መነጽሩን ጠረገ።

ማክሰኞው ደረሰ። ሌሊቱን በረዶው ላልቶ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አዳራሹ በር ላይ የቦት ጫማ ክምር ተራራ አክሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ለምሳ በሸክላ ድስት የበሰለ ባቄላና የፖም ኬክ ከኋላ ደርድረዋል፤ ሽታው እየመጣ ሰውን ያቁነጠንጣል። ሰብሳቢው ኦርቪል ታት መዶሻውን መታ። የመንገዱ አለፈ፣ የእሳት አደጋ መኪናው አለፈ፣ ከዚያ የእኛ ተጠራ። ሮስኮ የኋላ አግዳሚ ላይ ጥጉን ይዞ ጫማውን ያያል።

ግሬቸን ተነሣች። ወረቀት አልያዘችም። የእኔን ቦት ጫማ ነው ያደረገችው። «ወንድም አለኝ» አለች፣ «ከእጁ ሥራ ሲወጣ አጠገቡ ነበርኩ።» ሰው ሁሉ ቀና አለ። የፔልተን ፋብሪካ ተዘግቶ ስንቱ ቤት እንደዚያ ያለ ወንድም አለ! ልጆቻችን አውቶቡስ እየተሳፈሩ ሄደው አይመለሱም፤ ለምን እንደሚሄዱ እኛው እናውቃለን አለች። ዜናስ ክሮዌልም በዘመኑ አዲስ ማሽን ወደዚህ ከተማ ያመጣ ሰው ነው፤ ዛሬ ቢኖር ድሃው ልጅ የሚያጣው ምላስ ነው ወይስ ሙያ ነው ብላ ጠየቀች። የኮምፒውተሩን ትምህርት ቤት ምሽት ምሽት ለከተማው ልጆች በነጻ እንከፍተዋለን፣ ይህንንም ፕሬዚዳንቱን አስፈርሜ መጥቻለሁ አለች። አቤት አነጋገሯ! ጥፍሩን የሚያጸዳ አንድም ሰው የለ። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ባታባርሪኝ ኖሮ ድምፄን እሰጥሽ ነበር አልኩ በልቤ።

«ሌላ የሚናገር አለ?» አለ ኦርቪል።

ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ስለ ዜናስም ስለ መርሲም የተለማመድኩት ሁሉ ከራሴ ጥርግ ብሎ ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ነው አፌ ላይ የቀረው። «ልጄ፣ እንዲህ አሳምረሽ መናገር ማን አስተማረሽ?» ብዬ ብጠይቃት አለቀ፤ በዚያች አንዲት ጥያቄ ቤቴም ወንበሩም ይተርፋል። ጥያቄዋ ጥርሴ ላይ ነበረች። ግሬቸንም አውቃለች፤ ፊቷ እንደ ኖራ ሆኖ ታየኛለች። ወደ ኋላ ሮስኮን አየሁት። አላየኝም። ጫማውን ነው የሚያየው።

«እኔ...» አልኩ። «እኔ ያንን ቤት እወደዋለሁ። ሌላ ቤት አላውቅም።» ድምፄ ተንቀጠቀጠ። «እስከዛሬ ሻይ አፍልቻለሁ። ለማን እንዳፈላሁ አልነግራችሁም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ተቀመጥኩ። አንዳንዱ ሰው አዝኖልኝ ነው መሰለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ያለ ደካማ ንግግር ያ አዳራሽ ሰምቶ አያውቅም። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ፤ ሁሉ ነገር በእኔ አፍ ቀረ ብዬ ተቃጠልኩ።

ኦርቪል መዶሻውን ሲያነሣ «ሰብሳቢ» የሚል ድምፅ መጣ። ግሬቸን ናት። «አንድ ነገር ልጨምር ይፈቀድልኛል?»

«አጭር ከሆነ። ባቄላው እየቀዘቀዘ ነው።»

«እኔ ከወር በፊት ሰው ፊት አፌን መክፈት አልችልም ነበር» አለች። «ያስተማሩኝ እዚያ ኋላ የተቀመጡት ሰው ናቸው። ምን ልናገር እንደመጣሁ ያውቁ ነበር። ክርክሬ የደከመበትን ቦታ ሁሉ እያሳዩ እንዳጠነክረው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ይህ ጫማ የወይዘሮ ዊትካም ነው። አሁን ቆመው ይህን ሊናገሩ ይችሉ ነበር፤ እኔም እጠብቅ ነበር። አልተናገሩም።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «የኮምፒውተሩ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል፤ አሁንም የማምነው ነው። ግን እንዲህ ያለ በር ያለበት ሌላ አገር አላውቅም። ገንዘቡን ከሌላ ቦታ እንፈልግ። እኔ በራሴ ጉዳይ ላይ ‹አይሁን› ነው የምለው።»

ክላይድ በርቢ ወንበሩን አንቋቅቶ ወደ ኋላ ዞረ። «ሮስኮ! በአንድ ወር እንዲህ ማድረግ ከቻልክ፣ እኔን እስከዛሬ ምን ሆነህ ነው በሁለት አረፍተ ነገር ያስቀረኸኝ?» አለ። አፉን ዘግቶ ሳይጨርስ ምን እንደተናገረ ገባው፤ እስከ ጆሮው ቀላ። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። «አንተም?» ይላል አንዱ፣ «አንቺም?» ትላለች ሌላዋ፤ ባልና ሚስት ይተያያሉ፤ ኦርቪል ራሱ መዶሻውን ይዞ ይስቃል፤ እሱም መጥቶ ነበራ።

«ይሁን የምትሉ!» አለ በመጨረሻ። ከፊት በኩል ፕሬዚዳንቱና አጠገቡ ያሉ ጥቂት ሰዎች በቀጭን ድምፅ አሉ።

«አይሁን የምትሉ!»

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እኔም ጮህኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ድረስ ጮህኩ።

ሰው ወደ ባቄላው ሲጋፋ ሮስኮን ፈልጌ አገኘሁት፤ ከዚያች አግዳሚ አልተነሣም። እንባው በመነጽሩ ሥር ይወርዳል። ደነገጥኩ። «ምነው ሮስኮ? ቀረልን እኮ! ቤታችን ቀረልን!»

«አበላሸችው» አለኝ። «ንግግሯን አበላሸችው፣ ቨርና። ካስተማርኩት ሁሉ እንደዚያ ያለ አልነበረም። ምንም አልጎደለውም ነበር። አየሽ እንዴት አድርጋ እንደጀመረችው? አየሽ አይደል?»

«አየሁ» አልኩት። ይህን ሰውዬ ምን ያህል እንደምወደው በዚያች ደቂቃ የልቤን ብነግረው ደስ ባለኝ፤ ግን መሐረቤን ሰጠሁትና «ተናፈጥ» አልኩት።

ግሬቸን በሩ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። ፕሬዚዳንቱ ሳያናግራት በአጠገቧ አልፎ ወጥቷል። ሮስኮ በሕዝቡ መሐል እየተጋፋ ሄደ፤ እኔም ሳህን ይዤ ተከተልኩት።

«ፕሮፌሰር፣ ነገ ጠዋት ቢሮው ጠርቶኛል» አለችው። «ሊያባርረኝ ነው።»

«በስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ጥሩ» አለ ባሌ። «እንግዲያስ አንድ ሰዓት ላይ በወጥ ቤቱ በር ነይ። ምን እንደምትዪው እንለማመዳለን።»

እሷ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። እኔም ሳህኑን ባቄላ ሞልቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።